የኋላ ወንበር ንፋስ

እስቲ መልስልኝ አንባቢ፦ የምትወደው ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ፊትህ አቁሞ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ «እንዴት ነው?» ሲልህ፣ እውነቱን የነገርከው መቼ ነው? «ሁልጊዜ» ካልክ አሁኑኑ ዋሸህ። ውሸት ነውር ነው እየተባልን እናድጋለን፤ ለምንወደው ሰው ስንዋሽ ግን የዳቦ ስም እናወጣለትና «ጨዋነት» እንለዋለን። ስንት ትዳር፣ ስንት ወዳጅነት በዚህ ጨዋነት ተቀብሯል። ቀባሪዎቹም እኛው፣ አልቃሾቹም እኛው።

ፋርማሲስቷ በዚህ ጨዋነት ተኮትኩታ ያደገች ሴት ናት። አባቷ ዳኛ ናቸው። በዳኛው ቤት የሰው ሥራ አይነቀፍም። አናጢ ጠማማ በር ገጥሞ ሲጨርስ፣ ዳኛው በሩን ከፍተው ዘግተው «እጅህ ይባረክ» ይሉታል፤ እስከ ውጭ በር ድረስ ይሸኙታል፤ ሰውየው ከመንገዱ ሲታጠፍ ሌላ አናጢ ይጠራሉ። ከፍ ያለ ሰው ዝቅ ያለውን ፊት ለፊት አያሳፍርም፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነው። የመጀመሪያው አናጢ የበሩን መጣመም ሳያውቅ በማግስቱ ሌላ ቤት ሄዶ ሌላ ጠማማ በር ይገጥማል። ለእሱ የተጨነቀ የለም። እንዳይሰማ እንጂ እንዲማር ማን ፈለገ?

እሷ የምትወደው ሰው ደግሞ ኑሮው በእጁ ላይ የተመሠረተ ነው። ግልጽ ፕላስቲክ በምድጃ አሙቆ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ አጉብጦ፣ ለረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች የንፋስ መከላከያ ይሠራል። ነጂዎቹ «ንፋስ ሐኪሙ» ይሉታል። አንዱ ነጂ ጆሮዬ ጮኸብኝ ብሎ ቢመጣ፣ ሞተሩ ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ ከእግር እስከ ራሱ ተመልክቶ «የታመመው ጆሮህ ሳይሆን ቁመትህ ነው» ስላለው ነው ስሙ የወጣለት ይባላል።

የተገናኙት በእሷ ፋርማሲ ነው። የጆሮ መድፈኛ በእፍኝ ሊገዛ መጣ። እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም፣ ለመስማት ነው አላት። ሞተር ላይ ሰውን የሚያደነቁረው ሞተሩ ሳይሆን ንፋሱ መሆኑን፣ ንፋሱ ሲደፈን የሞተሩ ድምፅ ጥርት ብሎ እንደሚመጣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያስረዳት፣ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እሷ ሰልፉን አላየችም። የምታየው በትኩስ ፕላስቲክ የተለበለቡትን የጣቶቹን ጫፎች ነበር። እሱም ማየቷን አይቶ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። አንዳንድ ፍቅር እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ አንዱ ሲያይ፣ ሌላው ሲደብቅ።

ከዚያ ወዲህ በየዕረፍት ቀኑ ከከተማ ወጥተው ረጅሙን ጎዳና ይይዙታል፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በመከላከያው ጠርዝ ላይ ቀይ የሱፍ ክሮች በፕላስተር ይለጥፋል። ክሮቹ ቀጥ ብለው ከተጋደሙ ንፋሱ ለስላሳ ነው፤ ከተወራጩና ከተጠማዘዙ ንፋሱ ተቀዷል ማለት ነው። የንፋስ ሐኪሙ ሃይማኖት አንድ ብቻ ነበር፦ መከላከያው ከፍ ይበል። ከፍ ባደረገው ቁጥር ንፋሱ ከራሱ በላይ እየዘለለ ያልፋል። በመጨረሻ ሄልሜቱ ውስጥ ጸጥታ ነገሠ።

የዘለለ ንፋስ ግን አይጠፋም፤ የሚያርፍበት ቦታ አለው። የመከላከያው ጠርዝ የቀደደው ንፋስ የእሱን ራስ አልፎ የሚያርፈው ከኋላ በተቀመጠችው ሴት ሄልሜት ላይ ነበር። የሚያርፈውም እንደ ጡጫ ነው፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ። ዓይኖቿ ስለሚርገበገቡ የመንገድ ምልክት ማንበብ አትችልም። ጆሮዋ ውስጥ ባዶ በርሜል ይንከባለላል። ሲቆሙ እሱ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ «ከኋላስ?» ይላታል። «ጸጥ ይላል» ትለዋለች። ከዚያም ዞር ብላ፣ ከገዛ መደርደሪያዋ ያመጣችውን የራስ ምታት ክኒን ያለ ውሃ ትውጣለች።

ለምን? የመጀመሪያ ቀን ልቡ እንዳይሰበር። ሁለተኛ ቀን፣ የመጀመሪያውን ስለዋሸች። በኋላ ግን ሌላ ምክንያት መጣ። አክስቷ አንድ ቀን በዳኛው ቤት ምሳ ላይ፣ ፕላስቲክ ማጉበጥ ዲፕሎማ ይኖረው እንደሆነ በፈገግታ ጠየቁት። እሱም በፈገግታ የለውም አላቸው፤ ማንኪያውን የያዘው እጁ ግን ለአፍታ አየር ላይ ቀረ። ፋርማሲስቷ ያን አየር ላይ የቀረ እጅ ስታይ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣ ነቀፋ በእኔ አፍ አይደርስበትም ብላ ለራሷ ማለች። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ እያደር ከበደ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ የጎበጠ ፕላስቲክ እንጨቱ ላይ እስኪበርድ ሲጠብቁ፣ ታገቢኛለሽ ወይ አላት። «እሺ» አለችው። ያቺ እሺ በሕይወቷ ከተናገረችው ሁሉ እውነተኛዋ ነበረች። ድምፁ ግን ያው «ጸጥ ይላል» የምትልበት ለስላሳ ድምፅ ነበር፤ በቤታቸው ሌላ ድምፅ አላስተማሯትም። እሱ ደስ ብሎት የእንጨት ቅርጹን በመዳፉ ጠበጠበው። እሷ ግን ደስታዋ መሀል፣ እግር ውስጥ እንደ ቀረች እሾህ፣ አንዲት ፍርሃት ስትወጋት ተሰማት።

የነጂዎች ማኅበር ለዓመቱ ትልቅ ጉዞ አባላቱ ሁሉ ያንን ረጅም መከላከያ እንዲያስገጥሙ ሊስማማ ተቃርቦ ነበር። ይህን ጊዜ ነው ቀድሞ ያስገጠመው ዳቦ ጋጋሪ ከነሚስቱ ከመንገድ የተመለሰው። ሚስትየው አዋላጅ ናት፤ ድምፅዋ ከበር በፊት የሚገባ። ፋርማሲስቷ በዚያ ቀን ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጣ ቀይ ክር ትቆርጣለች። አዋላጇ ገባችና ሄልሜቷን እንደ ሐብሐብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ስማ ልጄ፣ ያንተ መከላከያ ለባሌ አልጋ ነው» አለችው። «እሱ ተኝቶ ነው የመጣው። እኔ ግን የመጣሁት ከበሮ ውስጥ ተቆልፌ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ ላይ ሆኖ እውነቷን ነው ብሎ ሊያግዛት ሲሞክር፣ አንተ የተኛህ ሰው ለምስክርነት አትበቃም ብላ ዝም አሰኘችው። ንፋስ ሐኪሙ አልተቆጣም። ምናልባት ሄልሜቱ ሰፍቶሽ ይሆናል፣ ምናልባት ወንበሩ ከፍ ብሎ ይሆናል አላት። ከዚያም በኩራት ወደ ፋርማሲስቷ እያመለከተ፣ እሷ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ እንደሞከረችውና አንድ ቀን እንኳ እንዳላማረረች ነገራት።

አዋላጇ ዞራ ፋርማሲስቷን አየቻት። ምጥ ይዟት «ምንም አላመመኝም» የምትል ሴትን እንደምታይ አድርጋ አየቻት።

«እንዲያ ከሆነማ ወይ ደንቆሮ ናት ወይ ትወድሃለች» አለች። «ደንቆሮ ደግሞ አትመስለኝም።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። ንፋስ ሐኪሙም ሳቀ፤ ሳቁን ሊያካፍላት ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ። እሷ አልሳቀችም። መቀሱ ክሩን እንደነከሰ ቆሟል። ዓይኗን ልታነሳ ሞከረች፣ እምቢ አላት። በዚያች ቅጽበት፣ ቃል ሳይወጣት፣ የዓመቱን ሁሉ ነገረችው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ሳይጠፋ ተረስቶ ቀን እንደሚበራ መብራት።

ከባሌ ኋላ ሞተሩ ላይ ውጣና ሞክረው ብላ ያዘዘችው አዋላጇ ናት። ዳቦ ጋጋሪው ሰፊ ሰው ነው፤ ንፋስ ሐኪሙ ሆዱን በሁለት እጁ ሊያቅፈው ሲታገል የመንገዱ ሰው ቆሞ ሳቀባቸው። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ የሞተሩን ድምፅ እስኪርቅ ሰማችው። ሲመለስ እንደ ልማዱ ሄልሜቱን ቶሎ አላወለቀም። ሲያወልቀው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከንፋሱ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። ለአዋላጇ «ይቅር በይኝ እትዬ» ብሎ መፍቻ አነሳና መከላከያውን በገዛ እጁ መፍታት ጀመረ።

እዚህ ላይ እሷን ብቻ የምትወቅስ ካለህ ቆይ። ይህ ሰው ዓመት ሙሉ ከኋላ አንድ ቀን አልተቀመጠም። እንዲህ ያለው ወንድ በየቤቱ ሞልቷል። ጸጥታውን ለራሱ ይሠራል፣ ጫጫታውን ከራሱ አሳልፎ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ ሲደርስ ደግሞ ሚስቱን፣ እናቱን፣ እህቱን «ደህና ነሽ?» ይላል፤ ደህና ነኝ ስትለው ያምናል፤ ማመን ስለሚቀል። መጠየቅ ብቻውን ደግነት የሚመስለው ሁሉ ይህን ይስማ፦ መልሱን ካላጣራኸው አልጠየቅክም።

ባልና ሚስቱ ሲሄዱ ንፋስ ሐኪሙ እጁን በጨርቅ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ምክንያቷን ልታስረዳው ሞከረች፤ ልቡን፣ ድካሙን፣ አክስቷን፣ ማንኪያውን እያቀላቀለች። አልጨረሰችውም። እሱ የአናጢውን ነገር አነሳ፤ ራሷ አንድ ቀን እየሳቀች አጫውታው ነበር።

«አናጢው ነኝ ማለት ነዋ» አላት።

«አይደለህም።»

«አባትሽ በሩን ከፍተው ዘግተው እጅህ ይባረክ ይላሉ። አንቺ ከሞተር ወርደሽ ጸጥ ይላል ትያለሽ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እሳቸውን ቢያንስ በሩ አይደበድባቸውም።»

ይህኔ እሷም ተቆጣች። ዓመት ሙሉ ሲጠይቃት አንድ ቀን እንኳ ቦታ እንቀያየር እንዳላላት፣ ሲጠይቅም መልሱን ዓይኑ ላይ ጽፎ እንደሚመጣ ነገረችው። የምትፈልገውን ነው የሰጠሁህ አለችው። እሱ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን መከላከያ በመዳፉ ዳሰሰው።

«እሱ የኔ ጥፋት ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ነገ እቆርጠዋለሁ። ፕላስቲክ ይቆረጣል። ያኛውን ግን ምን አደርገዋለሁ?»

«የቱን?»

«እሺ ያልሽኝን። በዚያው ድምፅ ነው ያልሽኝ። ወደሽኝ ይሁን አሳዝኜሽ፣ በምን ልለየው?»

አፏን ከፈተች። እወድሃለሁ ልትለው ነበር። ነገር ግን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ፣ ሲወጣ በየትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አስቀድማ ሰማችው፤ ለስላሳው፣ የተማረችው፣ አናጢ የሚሸኝበት ድምፅ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በመንገዱ ላይ ማንም አላወቃትም፤ እሷም ራሷን አላወቀችም።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን የምታመጣላት አዋላጇ ሆነች፤ የእጅ ጓንት ልትገዛ ፋርማሲው በመጣች ቁጥር። ንፋስ ሐኪሙ አሁን ባገኘው ሞተር ሁሉ ላይ ከኋላ እየተቀመጠ ነው አሉ፤ ነጂዎቹም «ሐኪሙ ራሱ ታመመ» እያሉ ይቀልዳሉ። ረጅሙን መከላከያ ከአገጭ በታች ድረስ ቆርጦታል። ከታች በኩል ደግሞ ክፍተት ትቶለታል፤ ንፋስ በዚያ ገብቶ ከመከላከያው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሞላው። ለካስ የተቀደደውን ንፋስ ሰው ራስ ላይ ስቦ የሚጥለው ያ ባዶ ቦታ ነው። ንጹሕ ንፋስ ይገፋል እንጂ አይደበድብም ይላል፤ ደረቱን ለንፋስ ያልሰጠ ራሱን አያሳርፍም ይላል። ይህን ሁሉ አዋላጇ እጇን እያወናጨፈች ተረከችና፣ ሳትጠየቅ፣ መክሳቱንም ጨመረችበት። ፋርማሲስቷ ጓንቱን ልታወርድ ወደ መደርደሪያው ዞረች። የሰጠቻት ጓንት ግን የልጅ እጅ ነበር የሚያክለው። አዋላጇ አይታው መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ አባቷን ንፋስ ሐኪሙን እንዴት እንደሚያዩት ጠየቀቻቸው። ዳኛው አፋቸውን ጠርገው «እጅግ ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁም የተባረከ» አሉ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይህን ምርቃት ታውቀዋለች። ከእሱ በኋላ ሌላ አናጢ ነው የሚጠራው።

«አባዬ፣ ካልወደዱት አልወደድኩትም ይበሉኝ። ልጅዎ ነኝ እንጂ ዕቃ አድርሶ የሚሸኝ ሰው አይደለሁም።»

ዳኛው የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ። ፍርድ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያደርጉ ያያቸው የለም። በመጨረሻ እፈራለሁ አሏት። ልጁን እንደማይጠሉት፣ ግን እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በዚያ የፕላስቲክ ሽታ መሀል ስታረጅ እየታያቸው እንቅልፍ እንደሚነሳቸው ነገሯት። ደስ የማይል ነገር ነበር። እሷ ግን ደስ አላት፤ አባቷ ትልቅ ሰው እንደሚያናግሩ አድርገው ሲያናግሯት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበርና። በዕረፍት ቀን ወደ ነጂዎቹ ስብሰባ አብረዋት እንዲወጡ ለመነቻቸው።

የነጂዎቹ ማኅበር የተሰበሰበው ከከተማው ጫፍ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ሜዳ ላይ ነው። ሞተሮቹ በረድፍ ቆመዋል። ንፋስ ሐኪሙ መሀል ላይ ቆሞ፣ ረጅሙ መከላከያ ለነጂው እንጂ ከኋላ ላለው ሰው እንደማይሆን፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ ያለ ጌጥ ተናገረ። የማንንም ስም አላነሳም። አጠር ያለውን አዲሱን አሳያቸው። አንድ ቀልደኛ ነጂ ይህማ የሻይ ማቅረቢያ ነው ብሎ አሳቃቸው። ሐኪሙ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚሞክር ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።

ሁሉም ወደ አዋላጇ ዞረ። አዋላጇ ግን ሆን ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች፤ ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ፋርማሲስቷ ከሰዉ መሀል ወጣች። ሄልሜቷን በእጇ ይዛለች። ዳኛው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው አንድ የጭነት መኪና ጎማ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ንፋስ ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ አንዳቸውም ቶሎ አላነሱም። ወንበሩን ጠረገላት፤ እሷም ወጣች።

ጎዳናው ጫፍ ደርሰው ተመለሱ። በመሀሉ የሆነውን ሌላ ሰው አያውቅም፤ እሷ ግን መታጠፊያው ላይ የመንገድ ምልክቱን ከእነ ትንንሽ ፊደሎቹ አነበበችው፤ ካነበበችውም በኋላ ረጅም ጊዜ ልቧ ሲመታ ሰማችው። ሲቆሙ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ያቺን የድሮ «ከኋላስ?» ጠየቃት። ፊቱ ግን አልበራም። መልሱን አላዘጋጀም፤ ይጠብቃል።

ፋርማሲስቷ ወርዳ ሰዉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች። ራሷ ላይ ሲያርፍ የነበረው ድብደባ መቅረቱን፣ ንፋሱ አሁን እኩል እንደሚገፋ ተናገረች። ግን ያፏጫል አለች፤ በግራ ትከሻዋ በኩል፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ እንደ ማንቆርቆሪያ። ወንበሩም ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ያንን ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትጠላዋለች። ደግሞም አለች፣ እየነዳህ ታንጎራጉራለህ፤ ማንም የማይሰማህ ይመስልሃል፤ ዜማው ያንተ አይደለም፣ ድምፅህም ለዜማው አይሆንም።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ያዘ። ዳኛው ልጃቸው ሰውን በአደባባይ ስትነቅፍ ሰምተው በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ፣ ከዚያ ቆሙ። ንፋስ ሐኪሙ ግን አልሳቀም፣ አላፈረም። ተንበርክኮ የመከላከያውን ግራ ጎን በጣቱ ዳሰሰ። አንደኛው ማያያዣ ላልቶ በቀጭኑ ተከፍቷል። እውነቷን ነው። ጣቱን እዚያች ክፍተት ላይ እንዳደረገ ቆየ፤ ትከሻው ከብዙ ጊዜ ሸክም እንደወረደለት ሰው ሲላላ አየችው።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ዓመት ሙሉ የዋሸሁህን ዛሬ ሰው ፊት ተናገርኩ። ሥራህን ነቀፍኩ፤ አንተም አልሞትክ፣ እኔም አልሞትኩ። አሁን በዚሁ አፌ፣ በዚሁ ድምፄ ሌላውን ስማኝ። እሺ ያልኩህ አዝኜልህ አይደለም፤ ስለምወድህ ነው። አባቴ እዚያ ቆመዋል። እንደሚፈሩ ነግረውኛል፤ እየፈሩ ይስሙት። እኔ የተጠየቅኩትን ሁሉ በአደባባይ መልሻለሁ። አንተ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እሺታዬን አንጠልጥለህ ይዘኸዋል፤ አልተቀበልከው፣ አልመለስክልኝ። ነገ እነግርሻለሁ ማለት የለም፣ በሰው መላክ የለም። ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም? እዚሁ ቆመህ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማህ፣ ጮክ ብለህ መልስልኝ።»